ትርፍ ደም በረዶ ቢደረግ እጥረቱ ይቀረፋል?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የደም ባንክ ጥሪ ይበረታል። ከመደበኛ ለጋሾች ብዙዎቹ ተማሪዎች በመሆናቸው ግቢዎቹ ጭር ሲሉ የደም ባንኩ መደርደሪያም ይሳሳል። በዘመቻ ሰሞን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰው ተሰልፎ ይለግሳል፣ ከረጢቱ ይበዛል። በእነዚህ ሁለት ወቅቶች መካከል ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ በሞላ ጊዜ የተረፈውን በረዶ አድርጎ ለጎደለ ጊዜ ማቆየት አይቻልም ወይ? እህል በጎተራ፣ ሥጋ በፍሪዘር ይቀመጥ የለም ወይ?

ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቀይ የደም ሕዋሳትን በረዶ አድርጎ ለዓመታት ማቆየት፣ ከዚያም አቅልጦ ለሕመምተኛ መስጠት ከ70 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሥራ ነው። ዘዴው ካለ ታዲያ ዓለም በሙሉ ለምን ደሙን በፍሪዘር አያጠራቅምም? አብዛኛው ሰው መልሱን በማቀዝቀዣው ዋጋ ላይ ይፈልገዋል። ዋናው ችግር ግን ያለው በማቅለጡ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደም ባንክ ያለው ደም በረዶ አይደለም

መጀመሪያ የቃሉን መደባለቅ ማጥራት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ማቀዝቀዝ» የምንለው ውሃን ለመጠጥ ቀዝቀዝ ማድረግንም፣ ሥጋን እንደ ድንጋይ ማድረቅንም ነው። በደም ጉዳይ ግን ሁለቱ የማይገናኙ ሥራዎች ናቸው። በደም ባንክ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጠው ቀይ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ቅዝቃዜ የሚቆይ ፈሳሽ ነው። በስሕተት በረዶ ከሆነ ተበላሽቷልና ይጣላል።

ከአንድ ለጋሽ የሚወሰደው ደም ብዙ ጊዜ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ የሦስቱም ጠባይ የተለያየ ነው። ፕላዝማ የሚባለው ቢጫ ፈሳሽ ሕዋስ ስለሌለው ያለ ብዙ ጣጣ በረዶ ሆኖ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ፕላትሌቶች በተቃራኒው ቅዝቃዜ አይወዱም፤ በክፍል ሙቀት፣ ያለማቋረጥ በሚወዘውዛቸው መሣሪያ ላይ ሆነው ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ያገለግላሉ። ቀይ የደም ሕዋሳት መሃል ላይ ናቸው። ከረጢቱ ውስጥ እንደሚጨመረው የማቆያ ፈሳሽ ዓይነት 35 ወይም 42 ቀን ይቆያሉ። ከዚያ ካለፈ ይወገዳሉ።

ስለዚህ «ደም ባንኩ ፍሪዘር አለው» የሚለው ወሬ ሐሰት አይደለም፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ግን በአብዛኛው ፕላዝማ ነው። ስትወልድ ብዙ ደም ለፈሰሳት እናት በቅድሚያ የሚፈለገው ኦክስጅን ተሸካሚው ቀይ ሕዋስ ደግሞ ከ42 ቀን ገደብ አያመልጥም። በረዶ የማድረግ ዘዴ የሚታገለው ከዚህ ገደብ ጋር ነው።

በረዶ ሕዋስን የሚገድልበት መንገድ

በረዶ ሕዋሱን እንደ መስታወት ይሰባብረዋል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ይህ ከፊል እውነት ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ጨውን አብሮ አይወስድም፤ ንጹሑ ውሃ ብቻ እየተለየ ይጠጥራል፣ ጨውና ሌላው ሟሚ ነገር ገና በረዶ ባልሆነው ጥቂት ፈሳሽ ውስጥ ይከማቻል። በረዶው በጨመረ ቁጥር ቀሪው ፈሳሽ ይመርራል። ቋንጣ የሚያዘጋጅ ሰው ሥጋው ላይ ጨው ሲነሰንስ ውሃው እየተንጠባጠበ እንደሚወጣ ያውቃል። ቀይ ሕዋሱም ዙሪያውን በመራራ ፈሳሽ ሲከበብ ውሃውን እየተፋ ይጨማደዳል፣ ሽፋኑ ይጎዳል፣ ሲቀልጥ ይፈነዳል። በኋላ ስለ ምድር ባቀረበው መላ ምት ዝነኛ የሆነው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ጄምስ ላቭሎክ በ1953 ያሳየው ይህንኑ ነበር፦ ቀዩን ሕዋስ የሚጎዳው ከቅዝቃዜው ይልቅ የጨው መከማቸቱ ነው።

ታዲያ ውሃው ሳይወጣ ቶሎ ቢቀዘቅዝስ? ያኔ ደግሞ ውሃው ሕዋሱ ውስጥ እንዳለ በረዶ ይሆናል፤ ይህም ይገድላል። አሜሪካዊው ፒተር ማዙር በ1972 እነዚህን ሁለት አደጋዎች አንድ ላይ አድርጎ አስቀመጣቸው። ዝግታው ሲበዛ ጨው፣ ፍጥነቱ ሲበዛ የውስጥ በረዶ ይገድላል፤ ለእያንዳንዱ የሕዋስ ዓይነት በሁለቱ መካከል የሚመች ፍጥነት አለ። ለቀይ የደም ሕዋስ ይህ ፍጥነት በደቂቃ በሺህ ዲግሪዎች የሚቆጠር ነው። አንድ ሙሉ ከረጢት ደም በዚያ ፍጥነት ከዳር እስከ መሃል እኩል ማቀዝቀዝ በተግባር አይሆንም። ሌላ መላ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከአውራ ዶሮ የተጀመረ ታሪክ

መላው የተገኘው ከደም ጋር ግንኙነት በሌለው ሥራ ነው። በ1949 ለንደን ውስጥ ክሪስቶፈር ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝና አላን ፓርክስ የአውራ ዶሮ አባለዘርን በረዶ አድርገው ለማቆየት ይሞክሩ ነበር። ስኳር የያዘ የመሰላቸው አንድ ጠርሙስ ያልጠበቁትን ጥሩ ውጤት ሰጣቸው፤ ሲመረመር ውስጡ ያለው ግሊሰሮል ሆኖ ተገኘ። በየመድኃኒት ቤቱ ለቆዳ ማለስለሻ ግሊሰሪን ተብሎ የሚሸጠው ወፍራም ፈሳሽ ማለት ነው። በዓመቱ ኦድሪ ስሚዝ ግሊሰሮል ቀይ የደም ሕዋስንም ከበረዶ እንደሚያተርፍ አሳየች፤ በ1951 ደግሞ ፓትሪክ ሞሊሰንና ሄንሪ ስሎቪተር በረዶ ሆኖ የቀለጠ ደም ለሰው ሰጥተው ሕዋሳቱ በሕይወት እንደቆዩ አረጋገጡ።

ግሊሰሮል የሚሠራው ቀላል በሆነ መንገድ ነው። ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባና ከውሃው ጋር ይጣመራል፤ በዚህ የተነሳ በየትኛውም የቅዝቃዜ ደረጃ በረዶ የሚሆነው ውሃ ያንሳል፣ ጨውም እንደ ቀድሞው አይከማችም። በዛሬው አሠራር ሁለት ስልቶች አሉ። አንደኛው 40 በመቶ ገደማ ግሊሰሮል ጨምሮ ከረጢቱን ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ግሊሰሮሉ ብዙ ስለሆነ ቅዝቃዜው ቢዘገይም ችግር የለውም። ሁለተኛው ግሊሰሮሉን በግማሽ ቀንሶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን በፍጥነት ማቀዝቀዝ ነው። አሜሪካ የመጀመሪያውን ስትመርጥ በአውሮፓ ሁለተኛውንም የሚጠቀሙ ባንኮች አሉ።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ለኢትዮጵያ ገበሬም እንግዳ አይደለም። ከቃሊቲ የሚወጣው የኮርማ አባለዘር ወደ ገጠር የሚጓዘው በናይትሮጅን ዕቃ ተሞልቶ፣ በአዳቃይ ባለሙያው እጅ ነው፤ ከበረዶው የሚጠብቀውም ያው ግሊሰሮል ነው። ላሟን ያስጠቃ ገበሬ የዚህን ሳይንስ ፍሬ ካየ ቆይቷል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ አባለዘሩ ሞቅ ባለ ውሃ በአንድ አፍታ ቀልጦ ሥራ ላይ መዋሉ ነው። ደሙ ግን እንዲህ አይሆንም።

ማቅለጡ ለምን ያስቸግራል

የቀለጠውን ከረጢት በቀጥታ ሕመምተኛ ላይ ቢሰቅሉት ምን ይሆናል? ሕዋሳቱ ግሊሰሮል ጠግበዋል። እንዲህ እንዳሉ ወደ ሰው ደም ሲገቡ ግሊሰሮሉ ከመውጣቱ በፊት ውሃ ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ሕዋሱ እንደ ፊኛ አብጦ ይፈነዳል። በውስጡ የነበረው ኦክስጅን ተሸካሚ ፕሮቲን፣ ሂሞግሎቢን፣ ደም ሥር ውስጥ ይፈሳል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ስለዚህ ግሊሰሮሉ አስቀድሞ መታጠብ አለበት፤ እጥበቱም ቀስ በቀስ የሚሆን ነው። ረኃብ ያደከመውን ሰው አጥሚት እያስቀመሱ እንጂ በአንድ ጊዜ እንደማያጠግቡት ማለት ነው።

በተለመደው አሠራር ከረጢቱ በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይቀልጣል። ከዚያ መጀመሪያ 12 በመቶ ጨው ባለው፣ ቀጥሎ 1.6 በመቶ፣ በመጨረሻ 0.9 በመቶ ጨውና ጥቂት ስኳር ባለው ፈሳሽ፣ በልዩ ማሽን እየተሽከረከረ ይታጠባል። ለአንድ ከረጢት የሚፈሰው ማጠቢያ ወደ ሁለት ሊትር ይጠጋል። ማቅለጥና ማጠቡ ተደምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ አንድ ማሽን ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያጥበው አንድ ከረጢት ነው። በዚህ ሂደት ከመቶው ሕዋስ ከ10 እስከ 20 የሚሆነው ይጠፋል። የቀረውም ከታጠበ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፦ ከረጢቱ ተከፍቶ በሚሠራበት ዘዴ 24 ሰዓት፣ አየር በማያስገባው ዘመናዊ ማሽን ደግሞ 14 ቀን።

ስሌቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በፍሪዘር ውስጥ ደሙ በአሜሪካ ደንብ 10 ዓመት እንዲቆይ ይፈቀድለታል፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪው ሮበርት ቫለሪና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ጥናት እስከ 37 ዓመት የቆየ ደም እንኳ ለአገልግሎት የሚበቃ ሆኖ አግኝተውታል። ሲቀልጥ ግን ያ ሁሉ ዓመት ወደ አንድ ቀን ወይም ወደ ሁለት ሳምንት ያጥራል። በዓመት የተቆጠበው ጊዜ በደቂቃ ይከፈላል፤ የሚከፈለውም ሕመምተኛው አልጋ ላይ ሆኖ በሚጠባበቅበት ሰዓት ነው። አንዲት እናት በወሊድ ጊዜ እየደማች ሳለ የአንድ ሰዓት ተኩል ጥበቃ ምን ማለት እንደሆነ አዋላጆች ያውቁታል።

ለሥራው ሁሉም ደም እኩል አለመሆኑም አለ። የማጭድ ሕዋስ በሽታን (ቀይ ሕዋሱን እንደ ማጭድ የሚያጎብጥ፣ በዘር የሚወረስ በሽታ ነው) ዘር በግማሽ የሚሸከሙ፣ ራሳቸው ግን ጤነኛ የሆኑ ለጋሾች ደም በተለመደው እጥበት ይጓጉላል፣ ይፈርሳልም፤ የተለየ አሠራር ይጠይቃል። ይህ ባሕርይ በሚበዛባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች አንድ ተጨማሪ ምርመራ ማለት ነው።

ዘዴው ያለ ተቀናቃኝ የሚያስፈልግበት ቦታ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ዘዴውን ለማጣጣል የመጣ ሊመስል ይችላል። ሌላ መንገድ የሌለው ሰው ግን አለ። ከኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ ሌላ ሳይንስ ዛሬ ከ40 በላይ የደም ዓይነት ሥርዓቶችን ያውቃል። በ1952 በቦምቤይ ከተማ የታወቀውና በከተማዋ ስም የተጠራው የደም ዓይነት ያላቸው ሰዎች፣ ለሁሉም ይሆናል የሚባለው ኦ እንኳ ይገድላቸዋል፤ መቀበል የሚችሉት ከእነርሱ ቢጤ ብቻ ነው። በ1961 በአንዲት የአውስትራሊያ ጥንታዊ ነዋሪ ሴት ላይ የተገኘውና አርኤች ነል የተባለው ደም ደግሞ በመላው ዓለም የሚታወቁት ባለቤቶቹ ከ50 አይበልጡም። «ወርቃማ ደም» የሚሉት ይህንን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው ለጋሹ ሌላ አህጉር ሊሆን ይችላል። 42 ቀን ለዚህ ሰው ትርጉም የለውም።

ስለዚህ በአምስተርዳም ያለው የአውሮፓ ብርቅ ደም ባንክ፣ በሊቨርፑል ያለው የእንግሊዝ ባንክ፣ በፈረንሳይ በክሬቴይ ያለው ማዕከል እንዲህ ያለውን ደም በረዶ አድርገው ይይዛሉ። አንዳንድ ባለ ብርቅ ደም ሰዎች ጤነኛ ሳሉ የራሳቸውን ደም ለራሳቸው ያስቀምጣሉ። ለእነዚህ ሰዎች እጥበቱ የሚወስደው ጊዜ ጉዳይ አይደለም፤ አማራጩ ምንም አለማግኘት ነውና። እዚህ ላይ ሌላ የተለመደ ግርታ አለ፦ ኦ ኔጋቲቭ በኢትዮጵያ ጥቂት ሰው ብቻ ያለው በመሆኑ ብርቅ ነው ይባላል። እጥረት አለበት፤ ነገር ግን በዚህኛው ትርጉም ብርቅ አይደለም። በእንግሊዝ ብርቅ የሚባለው ከሺህ ሰው ከአንድ በታች የሚገኝ ደም ነው።

ሁለተኛው ተጠቃሚ ጦር ነው። አሜሪካኖች በ1966 በቬትናም፣ ዳናንግ ላይ ባለ የባሕር ኃይል ሆስፒታል በረዶ ሆኖ የመጣ ደም ለቁስለኞች ሰጥተዋል። ከሁሉ የተሳካው ግን የኔዘርላንድ ጦር ልምድ ነው። በአፍጋኒስታን ኡሩዝጋን ግዛት ሳለ ቀይ ሕዋስ፣ ፕላዝማና ፕላትሌት ሦስቱንም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይዞ ሠርቷል። የኔዘርላንዶች ብልሃት የመጀመሪያው ቁስለኛ ሲመጣ ማቅለጥ አለመጀመራቸው ነው፤ ቀድሞ የታጠበ፣ 14 ቀን የሚቆይ ደም ሁልጊዜ በተራው ፍሪጅ ውስጥ ያኖሩ ነበር። ፍሪዘሩ ፍሪጁን ይመግባል፤ ፍሪጁ ቁስለኛውን። ለጋሽ የሌለበት፣ አውሮፕላን በየሳምንቱ የማይደርስበት ቦታ ላይ ይህ ዋጋውን ያወጣል። ከተማ ውስጥ ለጋሹ ከሆስፒታሉ ደጃፍ ሲያልፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ትርፉን የመቆጠብ ሐሳብ ሲፈተን

«የተረፈውን በረዶ እናድርገው» የሚለው ሐሳብ በትልቁ የተፈተነው በአሜሪካ ነው። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ሕዝቡ ወደ ደም መለገሻዎች ተመመ፤ ለተጎጂዎች ተብሎ የተሰጠው ደም 475 ሺህ ከረጢት እንደሚደርስ ተገምቷል። ለተጎጂዎች የዋለው 258 ነው። ከሕንጻዎቹ በሕይወት የወጡት ደም የሚያስፈልጋቸው ቁስለኞች እጅግ ጥቂት ነበሩና። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ከፊሉን በረዶ አድርጎ ለክፉ ቀን የሚሆን ክምችት የመገንባት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አቅሙ ግን ከጎርፉ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም፤ እያንዳንዱ ከረጢት ከተለገሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጅ መዘጋጀት ነበረበት። ብዙ ደም ጊዜው አልፎበት ተወገደ። በዓለም ባለጠጋ የሆነው አገር ጎርፉን በጠርሙስ ሊቀዳው አልቻለም።

ከዚህ የተነሳ የባለሙያዎች አስተያየት ይከፈላል። አንዱ ወገን፣ በተለይ ከጦር ሕክምና የመጣው፣ የኔዘርላንዶችን ምሳሌ ይዞ ትልልቅ ከተሞች ለመሬት መንቀጥቀጥና ለወረርሽኝ የሚሆን የበረዶ ክምችት ያስፈልጋቸዋል ይላል። በኮቪድ ጊዜ ልገሳ ሲቋረጥ ይህ ክርክር ጉልበት አግኝቷል። ሌላው ወገን ያው ገንዘብ ለጋሾችን በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ እንዲመላለሱ ለማድረግ ቢውል ብዙ እጥፍ ደም ያስገኛል ብሎ ይመልሳል። ለእኔ ሁለተኛው ሚዛን ይደፋል፤ ምክንያቱ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በአደጋ ጊዜ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት የላቦራቶሪ ሠራተኞች ብዛት የተወሰነ ነው፤ አምስት ማሽን ያለው ባንክ በሰዓት የሚያወጣው ከአምስት ከረጢት አይበልጥም። በአንድ ጊዜ 200 ቁስለኛ ለሚቀበል ከተማ ይህ ጠብታ ነው።

ለበረዶው ወገን ቀድሞ ይቀርብ የነበረ አንድ ክርክርም ደክሟል። በፍሪጅ የቆየ ቀይ ሕዋስ ቀስ በቀስ ፖታሲየም ይለቃል፤ ኦክስጅንን በቀላሉ እንዲያራግፍ የሚያግዘው ውሕድም ይቀንስበታል። በረዶ የሆነው ግን በገባበት ቀን እንዳለ ይቆያል። እንግዲያው «ትኩስ» ደም ይሻላል የሚል ግምት ነበረ። ከ2015 ወዲህ የወጡ ትልልቅ ሙከራዎች፣ ከነሱም አንዱ ከ20 ሺህ በላይ ሕመምተኞችን ያካተተው የ2016ቱ፣ ትኩስ ደም ከቆየው በተሻለ ሕይወት እንዳላተረፈ አሳይተዋል። የታጠበ ደም ጥቅም የቀረው ለተወሰኑ ሰዎች ነው፦ ፖታሲየም ለሚጎዳቸው ጨቅላዎችና በፕላዝማ ውስጥ ላለ ፕሮቲን አደገኛ አለርጂ ላላቸው። ለእነዚህ ደግሞ በፍሪጅ ያለውን ማጠብ ይበቃል።

በረዶ ደምን ያጸዳል?

በሰው አፍ የሚዘዋወር ሌላ ግምት ቅዝቃዜው ተሕዋስያንን ይገድላል የሚል ነው። አይገድልም። ላቦራቶሪዎች ቫይረሶችን ራሳቸውን የሚያቆዩት በዚያው ቅዝቃዜ ነው። ታጥቦ የሚወጣው ደም የጉበት ቫይረስ አያስተላልፍ ይሆናል የሚል ተስፋ በ1970ዎቹ ነበር፤ በ1978 የወጣ ጥናት ሄፓታይተስ ቢ በዚህ ደም ሊተላለፍ እንደሚችል አሳይቶ ተስፋውን ዘጋ። ምርመራን የሚተካ ቅዝቃዜ የለም።

ይህ ነጥብ ለኢትዮጵያውያን ቀለል ያለ አይደለም። በጃንዋሪ 1996 የእስራኤል ጋዜጣ ማአሪቭ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁዳውያን የሚለግሱት ደም በኤችአይቪ ፍርሃት ለዓመታት በምስጢር ሲወገድ መቆየቱን አወጣ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። በዲሴምበር 2013 ደግሞ በኢትዮጵያ የተወለዱት የእስራኤል ምክር ቤት (ክኔሴት) አባል ፕኒና ታማኖ-ሻታ እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ሊለግሱ ሲቀርቡ ተከለከሉ፤ ከክርክር በኋላ ደማቸው ሊወሰድ እንደሚችል፣ ነገር ግን በረዶ ሆኖ እንደሚቀመጥና ለሕክምና እንደማይውል እንደተነገራቸው በሰፊው ተዘገበ።

በሕክምና ዓይን «በረዶ አድርጎ ማቆየት» ሕጋዊ ትርጉም አለው። የፕላዝማ ከረጢት ለጋሹ ከወራት በኋላ ተመልሶ እስኪመረመር ድረስ በፍሪዘር ይታገዳል፤ ነጻ ሆኖ ሲገኝ ይለቀቃል። ይህ ቀጠሮ ያለው እገዳ ነው። መልቀቂያ ቀን የሌለው በረዶ ግን የሕክምና ሥራ አይደለም፤ በጨዋ ቃል የተነገረ እምቢታ ነው። የተቆጣው ሰው የተቆጣው በቅዝቃዜው ሳይሆን በዚህ ነበር። ደንቡ ከዓመታት በኋላ ላልቷል።

በኢትዮጵያ ቢሞከርስ?

የኢትዮጵያ ደም ባንክ በ1969 በቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቁሞ በ2012 ወደ ጤና ሚኒስቴር የተዛወረ ነው። ከዚያ ወዲህ ትልቁ ለውጥ ቴክኒካዊ አይደለም፤ የሕመምተኛው ቤተሰብ በምትኩ እንዲለግስ ማድረግን ትቶ በፈቃደኛ ለጋሽ ላይ መደገፉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ደም ከሚሰጣቸው ሰዎች እስከ 54 በመቶ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው፤ ብዙዎቹ በወባ ወይም በደም ማነስ ተዳክመው የሚመጡ። ለነዚህ ሕፃናት ልዩነት የሚፈጥረው ደሙ በአቅራቢያው ሆስፒታል ፍሪጅ ውስጥ መገኘቱ ነው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር፣ በልዩ ማሽን የሚጫን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅመው የሚጥሉት የማጠቢያ ዕቃ፣ ያልተቋረጠ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያ በአንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ ቢኖር ዋና ከተማው ነው። የወላዷ ሞት ያለው ግን ከዚያ ርቆ ነው።

«በኮቪድ ጊዜ የፋይዘርን ክትባት ያቆየው ፍሪዘር አለ» የሚል መልስ ይሰማል። ፍሪዘሩ ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ክትባቱ ከፍሪዘር ወጥቶ ቀልጦ ይወጋል፤ ደሙ ወጥቶ ይታጠባል። በቅዝቃዜው መካከል መብራት ቢጠፋና ደሙ ቢሞቅ ደግሞ ተመልሶ በረዶ አይደረግም።

ምክንያታዊ የሚመስለው ጅምር ትንሽ ነው። በደጋግሞ ደም መውሰድ ምክንያት ሰውነታቸው የሌላውን ደም የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል ያበጀባቸው ሕመምተኞች፣ ብርቅ ደም ያላቸው ለጋሾችና ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ውጪ እምብዛም የማይገኙ ዓይነቶች በቅድሚያ በምርመራ መታወቅ አለባቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች እንዲህ ያለ ብርቅ ደም ሲያስፈልጋቸው በአብዛኛው የሚያገኙት ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ካላቸው ለጋሾች ነው፤ ስለዚህ የለጋሾች መዝገብ ከድንበር የሚሻገር ጥቅም አለው። መዝገቡ ካለ ጥቂት አስር ከረጢት የሚይዝ አንድ ፍሪዘር ሥራ ያገኛል። መዝገቡ ከሌለ ግን የትኛው ከረጢት መቀመጥ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ፍሪዘሩም ማንም በ42 ቀን ውስጥ ሊሰጠው ይችል የነበረውን ተራ ደም ይሞላል።

የክረምቱ ጉድለት የሚሞላው በሌላ በኩል ነው። ተማሪው በሐምሌ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሚሄድበት ወረዳ የሚጠብቀው የመለገሻ ቡድን፣ በሥራ ቦታ በተራ የሚደረግ ልገሳ፣ እንዲሁም ለጋሽን ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ በስልክ የሚያስታውስ መዝገብ ናቸው መሙያዎቹ። ከእነዚህ አንዱም ግሊሰሮል አይፈልግም።